የቦራው በግ እናት

አባቴን ሰው ፊት "ሌባ" ሲሉት የሰማሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ለከሳሹ የሚሆን ማስረጃ ያቀረብኩት ደግሞ እኔ፣ አንድ ልጁ ነኝ። ነገሩን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት አባቴ "በቁሜ አይሆንም" ስላለኝ ነበር። አሁን ግን እሱ ራሱ በየሰርጉና በየለቅሶው ሲያወራው እየሰማሁ እኔ ብቻ አፌን መዝጋቴ ሞኝነት ሆኖ ታየኝ።

ያኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። የማጠናው የበግ ዲ ኤን ኤ ነው፤ በተለይ በውስጡ እየተደጋገሙ የሚገኙትን ክፍሎች። የእንስሳ ዲ ኤን ኤ ከዳር እስከ ዳር ቁም ነገር የሚናገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። እጅግ ብዙው ክፍሉ አንዱን ነገር መልሶ መላልሶ የሚል ነው። አንዳንዱ ድግግሞሽ ረጅም ሆኖ እዚህም እዚያም ተበትኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ በክሮሞሶሙ ወገብ ላይ ተከምሮ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ሆኖ በአንድ ቦታ ይደረደራል። እኔ የተለከፍኩት በዚህ በመጨረሻው ነው። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ከበግ በግ ይለያያል፤ ግልገል ደግሞ አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። ስለዚህ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ለመለየት ከመልክ ይልቅ እሱ ይታመናል። ጓደኞቼ "ፍሬውን ትታ ገለባውን የምትቆጥር" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም አፌ ስለማያርፍ በገለባው የማልሠራው ተአምር እንደሌለ እነግራቸዋለሁ።

ቤታችን ከቦንጋ በሺሺንዳ መንገድ ተሂዶ፣ ከዚያ በእግር የሚገባበት መንደር ነው። አገሩ የሚታወቀው በቡናው ቢሆንም የእኛ ሰው የሚኮራው በበጉ ነው፤ ጅራቱ ሰፊ፣ ቀንድ የሌለው፣ መንታ የሚወልድ በግ። በዚያ ዘመን አርቢዎቹ ማህበር አቋቁመው በዓመት አንድ ቀን ጠቦቶቻቸውን ሜዳ ላይ ያሰልፉና ምርጡ ለሁሉም አውራ እንዲሆን ይመርጡ ነበር። አውራው በየቤቱ በረት በተራ ይገባል። ባለቤቱም በዚያ ዓመት መንደሩ ሁሉ ቀድሞ ሰላም የሚለው ሰው ይሆናል።

በዚያ ዓመት የአባቴ በግ ተመረጠ። ሰውነቱ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ስለሆነ "ቦራው" እንለዋለን። ለገና ዕረፍት መጥቼ ስለነበር እኔም ሜዳው ላይ ነበርኩ። ሰው አጨብጭቦ ሳይጨርስ ጎረቤታችን ጋሽ አደሎ ከመሃል ተነሣ። ጋሽ አደሎ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ነው፤ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ አጭር ሰው። እሱና አባቴ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ተኳርፈው ነው የኖሩት። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዴ አጥር፣ አንዴ ቀፎ ይሉኛል።

"ይሄ በግ የእኔ ነው!" አለ። "ፊቱን እዩት! እናቱን ቦራዋን አምጥቼ አጠገቡ ላቁማት? መንታ ወልዳ አንዱ ጠፋብኝ። ሚስቴ ጅብ ወሰደው አለችኝ። ለካስ ጅቡ ጎረቤቴ ኖሯል!"

ጥቂት ሰው ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ቀረና ሁሉም አባቴን ያይ ጀመር።

"ከቀይዋ በጌ የተወለደ ነው" አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "ጫካ ማር ቆርጬ ስመለስ ስታጠባው አገኘሁ። ቤት የነበረችው ዘነበች ናት፣ ነፍሷን ይማረው።"

ዘነበች እናቴ ናት። በጉ በተወለደበት ዓመት ነው ያረፈችው። ስለዚህ ሲወለድ አየሁ የሚል ምስክር አልነበረም።

በመንደራችን ምስክር የሌለው የሌብነት ክስ የሚያልቀው በመሐላ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተክርስቲያኑ አጥር በር ውጭ ይቀመጣሉ። ተከሳሹ እጁን በከብቱ ጀርባ ላይ አድርጎ በልጁ ስም ይምላል። ከማለ ነጻ ነው፤ እግዜር ይፍረደው ተብሎ ይተዋል። አልምልም ካለ ደግሞ ከሳሹ በተራው በልጆቹ ስም ይምልና ከብቱን ነድቶ ይሄዳል፤ ተከሳሹም ዕድሜውን ሙሉ ሌባ ተብሎ ይኖራል። በውሸት የማለ ሰው ልጁን እንደሚያጣ መንደሩ ሁሉ ያምናል። እኔ አላምንም ነበር። አባቴ ግን ያምናል፤ ያለው ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወልዴ ቀኑን ሊቆርጡ ሲሉ እኔ ብድግ አልኩ።

"ምን መሐላ ያስፈልጋል?" አልኩ። "ደም ውሰዱና ይታይ። የቦራውንም፣ የሁለቱንም እናት በጎች ደም እወስዳለሁ። ደም አይዋሽም።"

በአባቴ እውነት ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ጋሽ አደሎን አፉን ላስይዘው ነበር ሐሳቤ። ሽማግሌዎቹ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ብዙ ተከራከሩና ጋሽ ወልዴ ወደኔ ዞሩ።

"ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው የምንቀመጠው። እስከዚያ የደሙ መልስ ከመጣ ይነገር። ካልመጣ አባትሽ ይምላል።"

በማግስቱ ጋሽ አደሎ በረት ሄጄ ከቦራዋ ደም ስወስድ አንገቷን የያዘችልኝ ሚስቱ እትዬ አስካለ ናት። የእናቴ ወዳጅ ነበረች፤ ባሎቻቸው ሲኮራረፉ እነሱ ወንዝ እየተገናኙ ነበር የሚጫወቱት። ፊቷን ስታዞር መርፌው ያስፈራት መሰለኝ።

"ብርቄ፣ ይሄ ደም እውነት ሁሉን ይናገራል?" አለችኝ።

"ሁሉን ይናገራል፣ እትዬ" አልኳት በኩራት።

ናሙናውን በአውቶብስ ላክሁት። እኔ ራሴ እንዳልመረምረው፣ ለአባቷ አዳላች እንዳልባል፣ አዲስ አበባ ላለችው የላብራቶሪ ጓደኛዬ ለሰላም እንዲደርስ አደረግሁ። የትኛው በግ የማን እንደሆነ ሳልነግራት በቁጥር ብቻ ነው የላክሁላት።

መንደራችን ኔትወርክ ስለሌለ መልሱን ለመስማት ቅዳሜ ሺሺንዳ ገበያ ወጣሁ። ኔትወርክ የሚያዘው የነጋዴው የጋሽ ጀማል ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ጥግ ይዤ ደወልኩ።

"ብርቄ፣ ብቻሽን ነሽ?" አለች ሰላም።

"ገበያ መሃል ነኝ። ንገሪኝ።"

"አንደኛ ቁጥር ያልሻት እናት በግ አልገጠመችም።"

አንደኛ ቁጥር የአባቴ ቀይዋ በግ ናት። ወዲያው ግን አንድ ማምለጫ ታየኝ። ድግግሞሽ ሲገለበጥ ይንሸራተታል፤ አሥራ ሁለት የነበረው አንዳንዴ አሥራ ሦስት ሆኖ ለልጅ ይተላለፋል። በአንድ ቦታ አለመግጠም እናትነትን አይሽርም።

"አንድ ቦታ ላይ ከሆነ መንሸራተት ይሆናል" አልኳት። "ድገሚው።"

"ደግሜዋለሁ። አንድ ቦታ ቢሆን መቼ አስጨንቅሽ ነበር? ካየናቸው ቦታዎች እኩሌታው ላይ አይገናኙም።"

"ሁለተኛዋስ?"

ሁለተኛዋ የጋሽ አደሎ ቦራ ናት።

"ሁሉም ቦታ ላይ ገጥማለች። እናቱ እሷ ናት። ምነው፣ መጥፎ ነው እንዴ?"

ምን ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁ አላስታውስም። ጋሽ ጀማል ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አሉና "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አሉኝ። "አልሞተም" አልኳቸው።

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ላይ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የሄድኩት። ናሙናው ተለዋውጦ ይሆን? አይሆንም፤ ቁጥሩን በእጄ ጽፌ በእጄ ነው የለጠፍኩት። ታዲያ ማን ነው ግልገሉን ያመጣው? አባቴ? የሰው ቀፎ ውስጥ የገባ ንብ እንኳ "የሰው ነው" ብሎ የሚተው ሰው? ወይስ እናቴ? ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ቆም ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሌላ ክፉ ሐሳብ መጣ። መልሱን ከእኔ በቀር በመንደሩ የሚያውቅ የለም። "አልደረሰም" ብል አባቴ ይምላል፤ ነጻም ይወጣል። ነገር ግን የሚምለው ሳያውቅ በውሸት ነው፤ አንድ ቀን ቢያውቅ፣ ወይም እኔ ጉንፋን ይዞኝ ብተኛ፣ "በመሐላዬ ገደልኳት" ብሎ ያብዳል። ብናገር ደግሞ በልጁ አፍ ሌባ ይሆናል።

ቤት ስደርስ አባቴ ነጭ ጋቢውን አጥቦ አጥሩ ላይ እያሰጣ ነበር።

"ስለ መልሱ አልጠይቅሽም" አለኝ ፊቴን ሳያይ። "መጣም አልመጣም እኔ የማውቀውን ነው የምምለው።"

"አባባ፣ ሲወለድ አይተኸዋል?"

"አላየሁም አልኩ እኮ። ግን የእናትሽን ፊት አይቻለሁ። ያን ያህል ታማ በጓን እያየች ትስቅ ነበር።"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ጋቢውን አብሬው አሰጣሁ። እስኪነጋ አስብበታለሁ ብዬ ገባሁ፤ ግን ነግቶም ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ከአጥሩ በር ውጭ ተሰበሰበ። ጋሽ ወልዴና ሽማግሌዎቹ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አደሎ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። አባቴ ቦራውን በገመድ እየሳበ መሃል ገባ።

"የደሙ መልስ መጣ?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ የበጉን ገመድ አያለሁ። ጋሽ ወልዴ ትንሽ ጠብቀው ያልመጣ መሰላቸውና ወደ አባቴ ዞሩ።

"እንግዲያው እጅህን አድርግ። እኔ የምልህን በል። ይህ በግ ከእኔ በግ ማህፀን የወጣ ነው።"

አባቴ እጁን ቦራው ጀርባ ላይ አደረገ። "ይህ በግ ከእኔ በግ ማህፀን የወጣ ነው።"

"ይህ ውሸት ቢሆን አንድ ልጄን ብርቄን..."

"ይህ ውሸት ቢሆን አንድ ልጄን..."

"አባባ አትማል!"

የጮህኩት እኔ ነኝ። ከሰው መሃል እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ እጁን ከበጉ ጀርባ ላይ አንስቼ ይዤው ነበር። "መልሱ መጥቷል። ትናንት ነው የሰማሁት። በጉ የቀይዋ ልጅ አይደለም። የቦራዋ ነው።"

ጫጫታው ሲነሣ ጋሽ ወልዴ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ዝም በሉ! አንቺ ልጅ፣ ደም ይህን እንዴት ይናገራል? እኛ በሚገባን አስረጂን።"

ድግግሞሽን በካፊኖኖ እንዴት እንደምለው ጠፋኝ። ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቤተክርስቲያን አየሁ።

"ኪርያላይሶን ስንል ቆጥረን ነው የምንለው አይደል?" አልኩ። "በእንስሳ ደም ውስጥም እንዲህ አንድ ቃል ተደጋግሞ የሚባልበት ቦታ አለ፤ ብዙ ቦታ። አንዱ በግ አሥራ ሁለት ጊዜ ይለዋል፣ ሌላው አሥራ አምስት። ልጅ ከእናቱ አንድ ቁጥር፣ ከአባቱ አንድ ቁጥር ይወስዳል። የቦራው ቁጥር ከቀይዋ ጋር አይገናኝም። ከጋሽ አደሎ በግ ጋር ግን በሁሉም ቦታ ይገናኛል።"

"ተናገረች!" አለ ጋሽ አደሎ። "የገዛ ልጁ ተናገረች! ሌባ!"

አባቴ አልጮኸም። እጁን ከእጄ አላወጣም። ፊቱ ግን በአንዴ ያረጀ መሰለኝ።

"ልጄ ካለች እውነት ነው" አለ። "ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነገር ነው። እኔም አልሰረቅሁም። ሁለቱም እውነት ነው። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"ካላወቅህ አልማልክም ማለት ነው" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ እያዘኑ። "ሥርዓቱ ነው፤ ተራው የአደሎ ነው። ና፣ እጅህን አድርግ።"

ጋሽ አደሎ በጥድፊያ መጥቶ እጁን ቦራው ላይ ጫነ። አባቴ ገመዱን ለቀቀለት። እኔ አባቴን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት አያለሁ።

"ይህ በግ ከበረቴ የተሰረቀ ነው። ይህ ውሸት ቢሆን ልጆቼን..." አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ይህ በግ ከበረቴ የተሰረቀ ነው" አለ ጋሽ አደሎ ጮክ ብሎ። "ይህ ውሸት ቢሆን..."

"ተው! ልጆቼን እንዳትነካብኝ!"

እትዬ አስካለ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ ከሴቶቹ መሃል እየሮጠች መጣች። ባሏን በሁለት እጇ ገፍታ ከበጉ አራቀችው። ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማኋት።

"አልተሰረቀም! እኔ ነኝ የሰጠሁት!"

ወደ ባሏ ዞረች።

"ጅብ አልወሰደውም" አለች። "ቦራዋ ሁለት ወልዳ ወተቷ ለአንዱም አልበቃም። ትንሹ ሊሞት ነበር። በዚያው ሰሞን የዘነበች ቀይ በግ የወለደችው ሞቶባት ግቷ አብጦ ታቃስታለች። ዘነበች ታማ መነሣት አቅቷታል፣ ባሏ ጫካ ነው። የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፍፌ የእኔን ትንሽ አለበስኩት። ቀይዋ አሽትታ የራሷ መስሏት አጠባችው። ዘነበች ያን ዕለት ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ውሰጂው አልኳት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ጋሽ አደሎ።

"ብነግርህ ትሰጥ ነበር?"

ወደ አባቴ ዞረች። "አንተስ? የአደሎ በግ ነው ብትልህ በረትህ ታስገባው ነበር? ዘነበች ታውቅህ ነበር። ለሁለታችሁም አትንገሪ አለችኝ። እሷ ሞተች፣ ነገሩ በእኔ አንገት ቀረ። ደሙ ሁሉን ይናገራል ስትለኝ ይቺ ልጅ፣ እኔ ሳልናገር ይናገርልኛል ብዬ ነበር ዝም ያልኩት።"

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ከዚያ ጋሽ አደሎ ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣና አንገቱ ላይ አድርጎ አባቴ ፊት ቆመ። ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲያ ነው። ያነሣው ድንጋይ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ነበር፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

አባቴ ትንሽ አቆየው። ቂሙን ለመወጣት ይመስለኛል፤ እኔ ብሆንም አቆየው ነበር። ከዚያ "አውርደው አደሎ፣ ወገብህን ትሰበርና ደግሞ በእኔ ታሳብባለህ" አለው። ሰው ሁሉ በአንዴ ሳቀ፤ ግማሹ እያለቀሰ።

ጋሽ ወልዴም ፈረዱ። "በጉ ከአንዱ ማህፀን ወጣ፣ ከሌላው ግት ጠጣ። ሁለት በረት አለው። ተራውን ከሁለታችሁ ቤት ይጀምር።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ በግ መርምሬአለሁ። አሁን የምሠራውም ይህንኑ ነው። "ደም ሁሉን ይናገራል" የሚል ቃል ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ድግግሞሹ ማን ከማን እንደወጣ ይነግረኛል። በማን እጅ፣ በምን ችግር፣ በማን ርኅራኄ እንደተሻገረ አይነግረኝም፤ ስለዚህ ለክርክር የሚጠራኝ ሰው ቤት ስሄድ መርፌዬን ከማውጣቴ በፊት "ያኔ ቤት ማን ነበር?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ጓዳ ነው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በበግ ዲ ኤን ኤ ውስጥ እጅግ በብዛት ተበትኖ የሚገኝ አንድ ረጅም ድግግሞሽ አለ። የቅርብ ዘመዶቹ የሚገኙት እባብና እንሽላሊት ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት በሩቅ ዘመን ከውጭ፣ ምናልባትም በመዥገር በኩል ገብቶ ራሱን እያባዛ ቤተኛ ሆነ። ከበግ የጥንት ቅድመ አያቶች ጋር አብሮ የተፈጠረ አይደለም። ቢሆንም ዛሬ ይህን ከበግ ላይ አውጥቼ ልጣል ብትሉ በግ የሚባል ነገር አይተርፋችሁም። ይህን ለአባቴ ስነግረው "ቆዳ ያለበሰው ሰው ይኖር ይሆናላ" አለኝ።

ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ያቺ ሴት ባትናገር ኖሮ ምን ትሆኑ ነበር? እኔም ያንኑ እሁድ፣ ወደ ቤት ስንመለስ፣ አባቴን ጠይቄዋለሁ።

"አባባ፣ እትዬ አስካለ ዝም ብትል ኖሮ ትቀየመኝ ነበር?"

ጋቢውን እያስተካከለ ትንሽ ሄደ።

"እስክሞት ነዋ" አለ። "በማይሆን ነገር ሌባ አስብለሽኝ!"

እንባዬ መጣ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

"ምናለበት ታዲያ? ተቀይሜሽ እኖር ነበር። በስምሽ በውሸት ምዬ ካጣሁሽ ግን በማን እቀየማለሁ?"